ስክሪን ከመትከላችሁ በፊት መነጽር አድርጉ

ታናሽ ወንድሜ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ ጭኖ ይመለሳል። ጠዋት ሲወርድ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደግሞ ዞራ ፊት ለፊቱ ትጠብቀዋለች። አስፋልቱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ይህን ድካሙን የምታውቀው ጅዳ ያለችው እህታችን ባለፈው ዓመት መንገደኛ አግኝታ ለሁለታችንም የፀሐይ መነጽር ላከችልን። መስታወቱ ጥግ ላይ «ፖላራይዝድ» የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ደውሎ መረቃት። «መንገዱን አጠብሽልኝ» ነበር ያላት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ለእኔ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። «ጋሼ፣ ስልኬ ሊሞትብኝ ነው» አለኝ።

ነገሩ የሆነው ቆላ ወርዶ ማደያ ላይ ነው። ተራው ደርሶ ናፍጣ ተቀድቶለታል። ቀጂው ክፍያውን ይጠብቃል፤ ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባ ያሰማሉ። ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቁልፉን ተጫነ፤ ጥቁር ነው። አጠፋው፣ አበራው፤ ያው ጥቁር ነው። ሲቸግረው ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱ ስልኩን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ በራ። ወንድሜም የክፍያውን የሚስጥር ቁጥር በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጮክ ብሎ ነገረውና ሂሳቡ ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይደጋገም ጀመር። ፀሐይ ላይ ሲሆን ይጠፋል፣ ቤት ሲገባ ይበራል። ቆላ ሲወርድ ይጠፋል፣ ማታ ሲያርፍ ደህና ነው። አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ታሪኩን ሰምቶ «ሙቀት ነው፤ ስክሪኑ ደክሟል፣ ይቀየር» አለው። 3800 ብር ከፍሎ አስቀየረ። አሮጌውን ስክሪን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው። በነጋታው ወንድሜ ወደ ባቲ ሲወርድ አዲሱም ጠፋ።

እሑድ ሐይቅ ከተማ መጣ። እኔ እዚህ ፊዚክስ ሳስተምር 26 ዓመቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ውሃው ዳር ወርደን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ማዶ እያየን ተቀመጥን። ሁለታችንም የእህታችንን መነጽር አድርገናል። ስልኩን አወጣና «ይኸው፣ እየው» ብሎ ሰጠኝ። እውነትም ጥቁር ነበር። ስልኩን ወደ ጎን አጋደምኩት። ስክሪኑ ቀስ እያለ እየነጋ መጣና ሙሉ ለሙሉ በራ። መልሼ አቆምኩት፤ ጠፋ። መነጽሬን አወለቅኩና እንደ ቆመ አየሁት፤ ደምቆ በርቷል። ወንድሜም እንዲሁ አደረገ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ስልኩን ሲያዞር ቆየና «ስለዚህ 3800 ብሬን ምን በላው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ልሰጠው ስል ነው ይህ ጽሑፍ የተወለደው። መልሴ አጭር ነው። ስልኩ ደህና ነበር። መነጽሩም ደህና ነበር። ብሩን የበላው ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። መነጽሩን የሸጠው ለእህታችን አልነገራትም፣ ስልኩን የጠገነው አልነገረውም፣ ማደያው ላይ በስልክ ክፈል ያለውም አልነገረውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ያለው ነው። አንድ ሾፌር 3800 ብር ከሰረ ብዬ ብቻ አይደለም ብዕር ያነሳሁት። አገራችን ክፍያዋን፣ የመኪናዋን ሰዓትና የመብራት ቆጣሪዋን ሁሉ ወደ ስክሪን እያዛወረች ነው። እነዚህን ስክሪኖች የሚገዙልንና የሚተክሉልን ሰዎች ፀሐይ ላይ፣ መነጽር አድርገው እንዲሞክሯቸው ልጠይቅ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሐይቃችን ዳርቻ ጥሩ ቦታ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው። ከፀሐይ ሲመጣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በሰያፍም ይርገበገባል። ውሃ ላይ ወይም አስፋልት ላይ አርፎ ሲነጥር ግን አብዛኛው በአግድም የሚርገበገበው ሆኖ ይመለሳል። ፖላራይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «የተቃኘ ብርሃን» እላቸዋለሁ። የአምባሰል ልጅ ቅኝት ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ አምባሰልም ባቲም የቅኝት ስሞች ናቸው።

ይህን በመጀመሪያ ያስተዋለው ኤትየን ሉዊ ማሉስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ፓሪስ ውስጥ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚነጥረውን የማታ ፀሐይ በካልሳይት ድንጋይ እያየ፣ ድንጋዩን ሲያዞረው ብርሃኑ ሲደምቅና ሲደበዝዝ አየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1815 ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ብርሃኑ በየትኛው ማዕዘን ሲነጥር ሙሉ በሙሉ እንደሚቃኝ የሚገልጸውን ሕግ አወጣ። ለውሃ ያ የሚሆነው ፀሐይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስትል ነው። በሐይቅ ሰማይ ሲሰላ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢና ከቀትር በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጎ ውሃው ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ነጸብራቅ አንድ ወጥ ሆኖ የተቃኘ ነው። ይህን የምናየው እኛ ሰዎች በመሣሪያ ነው። ንብ ግን በራሷ ዓይን ታየዋለች። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ ንቦች በሰማይ ላይ ያለውን የተቃኘ ብርሃን አይተው የቀፏቸውን አቅጣጫ ያውቃሉ።

ፖላራይዝድ መነጽር ይህን ነጸብራቅ የሚያስቀር በር ነው። መስታወቱ ላይ ያለው ፊልም፣ ተለጥጦ ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ፕላስቲክ ነው። ረጅም እንጨት ይዞ በጠባብ በር የሚገባን ሰው አስቡ። እንጨቱን አቁሞ ከያዘው ያልፋል፣ አግድም ከያዘው መቃኑ ይይዘዋል። መነጽሩም በቁም የሚርገበገበውን ብርሃን ያሳልፋል፣ አግድም የሆነውን ያስቀራል። ስለዚህ የውሃው ብልጭታ ይጠፋና የውሃው ውስጥ ይታያል። ያን እሑድ አጠገባችን መረቡን ይተበትብ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መነጽሬን ተውሶ አደረገ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ቆሮሶ ሲዞር እያየ «አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው በር ከፈተ» አለ። 40 ዓመት ከላይ ሲያየው የኖረውን ውሃ ገና ያን ቀን ውስጡን አየው።

እንግዲህ ስልኩ ለምን ይጠፋል? የብዙ ስልኮች፣ የኤቲኤም፣ የመኪና ዳሽቦርድና የካርድ ቆጣሪ ስክሪን ኤልሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ኤልሲዲ ከሁለት ፖላራይዝድ ፊልሞች የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ኤሌክትሪክ ክሪስታሉን ሲነካው ብርሃኑ በሁለተኛው ፊልም እንዲያልፍ ወይም እንዲቀር ይሆናል። ቁጥሩም ፊደሉም ሥዕሉም የሚፈጠረው በዚህ ነው። በአጭሩ፣ ስክሪኑ ራሱ እንደ እኛ ፖላራይዝድ መነጽር አድርጓል። ከእሱ የሚወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ነው። አቅጣጫው ከእኛ መነጽር ጋር ከገጠመ ስክሪኑ ይታያል። ሰያፍ ከሆነ ይደበዝዛል። አግድም ከሆነ ደግሞ መቃኑ ይይዘዋል፤ ስክሪኑ ይጠፋል። አዲሶቹ ኦሌድ የሚባሉት ስክሪኖችም ከውጭ የሚመጣውን ነጸብራቅ ለመቀነስ ፊታቸው ላይ ይህንኑ ፊልም ስለሚለብሱ ከዚህ ጣጣ ሁልጊዜ አያመልጡም። ባንክ ውስጥ ወረፋ የሚጠራው ቀይ ቁጥር ግን በራሱ አምፖል የሚበራ ስለሆነ በየትኛውም መነጽር ይታያል።

ክፍል ውስጥ ይህን የማሳየው በካልኩሌተር ነው። አንድ ተማሪ 8 ቁጥርን ደጋግሞ ይጽፋል። ሌላው መነጽሩን ይዞ ከላይ ያዞረዋል። ሰሌዳው ሲጠቁር ስምንቶቹ ይዋጣሉ፤ ትንሽ ሲዞር ተመልሰው ይወጣሉ። የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚተኙት ልጆች ሳይቀሩ ይነሳሉ። ወንድሜ በፌስታል ያመጣው ያ «የደከመ» ስክሪንም አሁን የእኔ ማስተማሪያ ነው። የላዩን ፊልም በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ቀጭን፣ ግራጫ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚጠቀለል ነገር ነው። መነጽሩ ላይ አድርጌ ሳዞረው ሁለቱ ተደራርበው ድቅድቅ ጨለማ ይሆናሉ። ወንድሜ 3800 ብር የከፈለበት ብልሽት ይኸው ነበር።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ መነጽሩን ማውለቅ ነው፣ ምን ጋዜጣ ላይ ያስጽፋል?» ይለኝ ይሆናል። ማውለቅ የሚችለው ምክንያቱን ያወቀ ሰው ነው። ያላወቀው ስክሪን ያስቀይራል፣ ስልክ ይጥላል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ለሰው ይናገራል። ይህ የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል። በስልክ ገንዘብ መክፈያው ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። በ2015 ዓ.ም. ከሚያዝያ 16 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ፣ ከግንቦት 1 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሾፌር ሁሉ ቀትር ላይ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ስክሪን ያነባል ማለት ነው። የፀሐይ መነጽር በብዛት የሚያደርገው ደግሞ ሾፌር ነው። ሁለቱ ነገሮች ማደያ ላይ ይጋጫሉ ብሎ አስቀድሞ ማሰብ የነበረባቸው አሠራሩን የዘረጉት ናቸው። ሁለት መስመር ማስታወቂያ ቀጂው አጠገብ ቢለጠፍ በቂ ነበር፤ «ስክሪኑ ከጠቆረብዎ መነጽርዎን ያውልቁ፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ።»

ከማደያው የሚከብደው መሪ የያዘ ሰው ነገር ነው። በድሮ መኪና ፍጥነቱንም ሙቀቱንም የሚያሳየው ቀስት ነበር፤ ቀስት በማንኛውም መነጽር ይታያል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ላይም እያየናቸው ነው። እነዚህ መኪኖች ፍጥነቱን፣ የቀረውን ባትሪና የማስጠንቀቂያ ምልክቱን በአብዛኛው የሚያሳዩት በስክሪን ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ፍጥነቱን ለማየት አንገቱን ማጣመም የለበትም። የሰው ነፍስ የጫነ ሚኒባስ ሾፌርማ ጭራሽ! አምራቾች መፍትሔውን ያውቁታል። ፊልሙን ብርሃኑ በቁም ወይም በሰያፍ እንዲወጣ አድርገው ከለጠፉት፣ ወይም በላዩ ብርሃኑን የሚያሽከረክር ሌላ ስስ ፊልም ካከሉበት፣ ስክሪኑ በፖላራይዝድ መነጽር ይነበባል። ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ የማያደርጉም አሉ። ሲገዛ ካልተጠየቀ የትኛው እንደሚመጣልን ዕድል ይወስነዋል።

በአቪዬሽን ይህ ጥያቄ ከቆየ ቆይቷል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ፀሐይ መነጽር ለአብራሪዎች ባዘጋጀው ጽሑፍ ፖላራይዝድ መነጽርን አይመክርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮክፒት ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ስክሪኖች ሊያደበዝዝ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። የአውሮፕላን አብራሪ የተነገረውን የአይሱዙ ሾፌር የማይነገርበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም የሰው ሕይወትና የሰው ንብረት ይዘው ነው የሚሄዱት።

ይህን ስል መነጽሩ ይጣል እያልኩ አይደለም። በፍጹም! ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ከእሷም ትበልጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ለዓይን ሞራ ግርዶሽ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት መሠረት ከአገራችን ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነው። ስለዚህ የፀሐይ መነጽር ለሾፌር፣ ለገበሬ፣ ለዓሣ አጥማጅና ለትራፊክ ፖሊስ የሥራ ዕቃ ነው። ከዝናብ በኋላ የሚያብረቀርቅ አስፋልት ላይ ሰው ሲሻገር ለማየትም ፖላራይዝዱ ይረዳል። ወንድሜ «መንገዱን አጠብሽልኝ» ያለው እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ፖላራይዝድ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ከጨረሩ መከላከል ሌላ ነገር ነው፣ ጥቁር መሆንም ሦስተኛ ነገር ነው። ገበያ ላይ ሦስቱ ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ጥቁር ሆኖ ጨረሩን የሚያሳልፍ መነጽር ዓይንን ይጎዳል፤ ጨለማው ብሌኑን ከፍቶ ጨረሩን በብዛት ያስገባልና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለምን ነበር፤ የተለመደ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ ወደ ፀሐይ እንዳታዩ ብዬ። ያን ቀን «እኔ ያለኝ እኮ በጣም ጥቁር ነው» ያለኝ ልጅ ነበር። ጥቁረት መከላከያ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። መነጽር ስትገዙ ጨረሩን ስለመከላከሉ «ዩቪ 400» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ጠይቁ። ፖላራይዝድ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የራሳችሁን ስልክ አውጡና በመነጽሩ ውስጥ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ስክሪኑ ደመቅ ደብዘዝ ካለ ፖላራይዝድ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ምንም ካልተለወጠ ግን ሌላ ስልክ ወይም ካልኩሌተር ላይ ድገሙት፤ ብርሃኑን የሚያሽከረክር ፊልም ያላቸው ስልኮች አይለወጡምና። ካልኩሌተሩም ካልተለወጠ፣ ለፖላራይዝድ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ለሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው እንዲህ ነው። ስልካችሁ ፀሐይ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት መነጽራችሁን አውልቁ፤ ወይም ስልኩን አጋድሙት። የመኪናው የጎን መስታወት ላይ ነጠብጣብና ጥላ ካያችሁ አትደንግጡ። መስታወቱ ሲጠነክር በውስጡ የቀረው ውጥረት ነው በመነጽሩ ምክንያት የታየው፤ መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ስልካችሁ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ከታያችሁም የፕላስቲክ መሸፈኛው ነው። የምትነዱት መኪና ዳሽቦርዱ ስክሪን ከሆነ መነጽር የምትገዙት ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ በመነጽሩ ውስጥ አይታችሁ ይሁን። ስክሪኑ ከጠፋ ፖላራይዝድ ያልሆነ፣ ግን ዩቪ 400 የሆነ ግራጫ መነጽር ምረጡ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለረዳትም ቢሆን አትስጡ። ረዳቱ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ የቆመው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

መነጽር የምትሸጡ ሰዎች፣ ለገዢው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት፤ «ይህ ፖላራይዝድ ነው፤ አንዳንድ ስክሪን ሊያጠፋብህ ይችላል።» በዚህ ምክንያት ገበያ የሚያጣ ሰው የለም። እውነቱን የነገረውን ነጋዴ ገዢ ተመልሶ ይመጣበታል። ስልክ የምትጠግኑ ልጆች ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁ። «ፀሐይ ላይ ይጠፋል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «መነጽር ታደርጋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስክሪን ከመፍታት በፊት ይህ ጥያቄ ይቅደም። የወንድሜን ስልክ የነካው ልጅ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ አልተነገረውም። ከዛሬ በኋላ ግን አልተነገረኝም ማለት አይቻልም።

ዋናው ልመናዬ ስክሪን በገፍ ለሚገዙት ነው። ኤቲኤም የሚተክሉ ባንኮች፣ ማደያ የሚያደራጁ ኩባንያዎች፣ የካርድ ቆጣሪ የሚያስመጡ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስገቡና የሚገጣጥሙ ሁሉ ጨረታ ሲያወጡ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ «ስክሪኑ በቀትር ፀሐይና በፖላራይዝድ መነጽር ይነበባል።» የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይህን መስመር በመስፈርት ደረጃ ቢያወጣው፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ቢጠይቀው፣ ጥያቄው ከአንድ መምህር ጩኸት አልፎ ሕግ ይሆናል። ዕቃው ከተገዛና ከተተከለ በኋላ ማማረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የመሞከሪያው ጊዜ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአገር ዕቃ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በቢሮ ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ በአምፖል ብርሃን ነው። የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ ባቲ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ላቡ እየፈሰሰ ቆሞ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚከፍለው ሁልጊዜ ተጠቃሚው ነው። ወንድሜ 3800 ብር ከፍሏል። ሌላው ስንት እንደከፈለ፣ ስንቱ ደህና ስልኩን «ተበላሸ» ብሎ በርካሽ እንደሸጠ አስቡት።

የወንድሜ መነጽር ዛሬም ዓይኑ ላይ ነው። ማደያ ሲደርስ ወደ ግንባሩ ከፍ ያደርገዋል፣ ስልኩን ራሱ ያነባል፣ ቁጥሩንም ራሱ ያስገባል። ረዳቱንም አስተምሮታል፤ ረዳቱ ደግሞ ሚሌ ላይ የሚያገኛቸውን ሾፌሮች ያስተምራል። እነዚህ ሰዎች የድርሻቸውን አድርገዋል፤ የቀረው ከገዢዎቹ ነው። ለመግዛት ያሰባችሁትን ስክሪን አንድ ቀን ቀትር ላይ ደጅ አውጡት። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጋችሁ በቁሙ እዩት፣ ከዚያ አጋድማችሁ እዩት። የሚያስፈልገው አንድ መነጽርና አንድ ደቂቃ ነው።